ስለ ጤና አዳም፤ ስሙና ልኩ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቦቻችን ዘንድ ሄደን ሳለ፥ አንድ ቀን ጧት አያታችን ቡና አፈሉ። ቡናውን በየስኒው ከቀዱ በኋላ ከጓሮ ቀጥፈው ያመጡትን ጤና አዳም በእያንዳንዱ ስኒ አንዳንድ ቀንበጥ ጣል ጣል አደረጉበት፤ ከወንድማችን ሚስት ስኒ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለአንቺ አይሆንም ልጄ፤ አንቺ ሁለት ነፍስ ነሽ» አሏት። እኛም ከኮሌጅ የመጣን ተማሮች ነንና ሣቅን። ስሙ ጤና የተባለ ቅጠል ነፍሰ ጡርን የሚከለክላት በምን ምክንያት ነው? ይልቁንስ ለእርሷ ሁለት ቀንበጥ በተገባት ነበር ብለን ቀለድን። አያታችን አልመለሱልንም፤ ሁለተኛውን ጀበና ጣዱ።

ወደ ኮሌጅ ከተመለስን በኋላ ስለ ሌላ ጉዳይ ስንመረምር በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረውን የሮማዊውን የፕሊኒዮስን ታላቅ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፍ ገለጥን። እርሱም በሃያኛው ክፍል ስለ ጤና አዳም ሲተርክ፥ ይህን ምግብ ነፍሰ ጡር ሴቶች እንዲተዉት፥ ፅንስን እንደሚገድል ተጽፎ ማግኘቱን ይናገራል። ሣቃችን በዚያ ቀን ቀረ። አያታችን ማንበብ የማይችሉ ሴት ሲሆኑ፥ ፕሊኒዮስ ከሁለት ሺህ ዓመት ግድም በፊት ያስጠነቀቀውን ነገር በአንድ እጅ መሰብሰብ ፈጽመውታል። እኛ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ከስሙ ብቻ ፈረድን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዕፍረት የተነሣ ነው። ልናስረዳ የምንወደውም የጤና አዳም ታሪክ የመድኃኒትነቱ ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ፥ ከዚያ ይልቅ የልኩ ታሪክ እንደ ሆነ ነው። ስሙ ልኩን ሊያስረሳ ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድመን ተክሉንና ስሙን እንመለከታለን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ጤና አዳምን የማያውቅ አንባቢ አለ ብለን አናምንም። ቢሆንም ዘወትር የምናየውን ነገር አስተውለን አናየውምና ጥቂት እንበል። ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፥ ግንዱ ከሥሩ እንጨት የሚሆን፥ ቅጠሉ ጥቃቅንና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፥ አበባው ቢጫ የሆነ ቍጥቋጦ ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ የተመለከተ ሰው በመርፌ የተበሳ የሚመስል ነጠብጣብ ያያል፤ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት የሚቀመጠው በእነዚህ ነጠብጣቦች ውስጥ ነው። ዘመዶቹ ሎሚና ብርቱካን ናቸው ብንል የሚደነቅ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን የሎሚን ቅጠል አሽቶ ቢያሸትና ወደ ብርሃን አንሥቶ ቢያይ ዝምድናውን ራሱ ያገኘዋል።

የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ለአንደኛው ዐይነት «ሩታ ግራቬኦሌንስ»፥ በ1767 ደግሞ ለሁለተኛው «ሩታ ካሌፔንሲስ» የሚል ስም አወጣ። የመጀመሪያው ስም ሽታው የከበደ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ከሶርያዋ ከተማ ከሐለብ የተወሰደ ነው። በእኛ ጓሮ የሚበቅለው ሁለተኛው ነው፤ አበባውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የቅጠሎቹ ጠርዝ እንደ ጥለት ዘርፍ የተተለተለ መሆኑን ያገኛል። የጥንት ጸሐፊዎች ሁለቱን ዐይነቶች ለይተው አልጻፉም፤ ስለዚህ ስለ እነርሱ ስንናገር «ጤና አዳም» የምንለው ሁለቱንም ነው። የተክሉ ጥንተ ቦታ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ ያለው አገር ነው። በኢትዮጵያ ከዱር የሚለቀም ሳይሆን ከቤት ደጅ የሚተከል መሆኑም በእንግድነት የመጣና የተለመደ መሆኑን ያመለክታል።

በጓዳ ያለው አገልግሎት ብዙ ነው። ቅጠሉ በቡና ይገባል፤ በአይብ ይከተፋል፤ በርበሬ ሲደለዝ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይወቀጣል። ፍሬው ደርቆ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል፤ ከቅጠሉ ይልቅ የሚያቃጥል ነውና ባለሙያ ሴት ቈጥራ ትጨምረዋለች እንጂ አትዘግነውም። ሆድ ሲቈርጥ ቅጠሉ ታሽቶ በትኩስ ቡና ወይም በውሃ ይጠጣል፤ ለጉንፋን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይደረጋል፤ ሕፃን ሆዱ ሲነፋ በጥቂቱ ይቀመስለታል፤ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በጨርቅ ተቋጥሮ ቡዳ እንዳይበላው በአንገቱ ይታሰርለታል። በዚህ በመጨረሻው ነገር የሚስቅ ተማሪ ካለ፥ በናፖሊ ከተማ እናቶች ከዐይን ጥላ ለመጠበቅ በጤና አዳም ቀንበጥ አምሳል ከብር የተሠራ ጌጥ ለሕፃናት ያንጠለጥሉ እንደ ነበረ ይወቅ። ሁለቱ ሕዝቦች አንዱ ከአንዱ ተማረ ለማለት ማስረጃ የለንም፤ ሽታው የበረታ ነገር ክፉን ያርቃል ብሎ ማሰብ ግን ለሁሉም የቀረበ ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። «ጤና አዳም» ሲባል ሁላችን የምንሰማው የአዳም ጤና የሚለውን ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ከገነት ሲወጣ የተሰጠው መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ። እኛ ግን ይህ ትርጓሜ ከጆሮ የመጣ እንጂ ከሥሩ የመጣ አይመስለንም። ምክንያታችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

በትግርኛ የዚሁ ተክል ስም «ጨና አዳም» ነው። «ጨና» ደግሞ በትግርኛ ሽታ ማለት እንጂ ጤና ማለት አይደለም። ወደ ግእዝ ብንመለስ «ጼና» ሽታ፥ መዓዛ ማለት ሆኖ እናገኘዋለን። የግእዙ ጸ በአማርኛ ብዙ ጊዜ ጠ እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ጸጉር ጠጉር፥ ጸግበ ጠገበ፥ ጸብሐ ጠባ፥ ጸልአ ጠላ ሆኗል። በዚሁ ሕግ «ጼና» በአማርኛ አፍ «ጤና» ይሆናል። ጤንነት የሚለውን የሚያመለክተው «ጤና» ግን የመጣው ከሌላ ቃል፥ ከ«ጥዒና» ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቃላት በአንድ ድምፅ ተገናኙ ማለት ነው። «አዳም» የሚለውንም ብንመረምር በግእዝ የሰው ስም ብቻ አይደለም፤ «አደመ» አማረ፥ ደስ አሰኘ ማለት ስለ ሆነ «አዳም» ያማረ፥ ደስ የሚያሰኝ የሚል ፍች አለው። እንግዲህ የስሙ ጥንት «ጼና አዳም» ቢሆን፥ ትርጓሜው ደስ የሚያሰኝ ሽታ ማለት ይሆናል።

ይህ የእኛ ግምት ነው፤ የግእዝ መምህራኖቻችን ቢያርሙን ደስ ይለናል። ግምታችንን የሚያበረታው ግን አንድ ሌላ ነገር አለ። ግሪኮች ይህን ተክል «ፔጋኖን» ይሉታል። ከእነርሱም ወደ ሶርያዎች፥ ወደ አይሁድና ወደ ዐረቦች ስሙ ከተክሉ ጋር ተላልፏል፤ በዕብራይስጥ «ፔጋም»፥ በዐረብኛ «ፈይጀን» የተባለው ከዚያው ነው። በእኛ አገር ግን የግሪኩ ስም አልተገኘም። ተክሉን የተቀበሉት አባቶችና እናቶች ስሙን አልተዋሱም፤ አሸተቱትና በራሳቸው ቋንቋ ሰየሙት። ሊኔዎስም «ሽታው የከበደ» ሲል የሰየመው በአፍንጫው ነው፤ የእርሱ አፍንጫ ከበደው፥ የእኛዎቹ አማራቸው፤ ይህ እንግዲህ የቡና ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም።

በእንግሊዞችም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የተክሉ ስም በቋንቋቸው «ሩ» ነው፤ ከላቲኑ «ሩታ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ «ሩ» የሚል መጸጸትን የሚገልጽ ሌላ ቃል ነበረ። ሁለቱ በድምፅ ተገናኙና ተክሉ የጸጸት ምልክት ሆነ። ሼክስፒር በ1600 ገደማ በጻፈው የሐምሌት ቴአትር፥ አእምሮዋ የተነካው ኦፌልያ ጤና አዳም ስታድል በዚህ የድምፅ መገናኘት ተጠቅሟል። እንግዲህ አንድ ተክል በአንዱ አገር በጆሮ ስሕተት ጸጸት፥ በሌላው አገር በጆሮ ስሕተት ጤና ሆነ። ቅጠሉ ግን በሁለቱም አገር ያው ቅጠል ነው። በስሙ መፍረድ የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ወደ ጥንት ሐኪሞች ስንመለስ ጤና አዳም እጅግ ከብሮ እናየዋለን። ፕሊኒዮስ ሰማንያ አራት መድኃኒት ከእርሱ እንደሚገኝ ቈጥሯል። ሥዕል ሠሪዎችና ቅርጽ ቀራጮች ዐይናቸውን ለመርዳት ከእንጀራቸው ጋር ይበሉት እንደ ነበር ይናገራል። ከእርሱ በፊት አሪስጣጣሊስ፥ የእባብ ጠላት የሆነው ትንሽ አውሬ ከእባብ ጋር ከመጣላቱ በፊት ጤና አዳም ይበላል ብሎ ጽፎ ነበር። የተሰረቀ ጤና አዳም ከተለመነው ይልቅ ይጸድቃል የሚልም አባባል ፕሊኒዮስ አቆይቶልናል፤ በሠፈራችን ሴቶች ከጎረቤት ጓሮ ሳያስፈቅዱ ቀንበጥ ሲቀጥፉ ያየ ሰው ይህ በሮም ብቻ የታወቀ እንዳይመስለው።

ከሁሉ የታወቀው ግን የንጉሥ ሚትሪዳጥስ ታሪክ ነው። በጥቁር ባሕር ዳርቻ የነበረው የጶንጦስ ንጉሥ ሚትሪዳጥስ በመርዝ እንዳይገደል ይፈራ ነበርና ማርከሻ ሲፈልግ ኖረ። በ63 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሞተ በኋላ፥ ድል አድራጊው ፖምፔዮስ በንጉሡ ጓዳ ውስጥ በገዛ እጁ የተጻፈ መድኃኒት አገኘ ይባላል። ፕሊኒዮስ እንደሚተርከው መድኃኒቱ ሁለት ደረቅ ለውዝ፥ ሁለት በለስ፥ ሃያ የጤና አዳም ቅጠል፥ ከጥቂት ጨው ጋር የተወቀጠ ነው፤ በባዶ ሆድ የበላው ያን ቀን መርዝ አይነካውም ተባለ። እኛ መርዙ አይነካውም የሚለውን አናምንም። ያስገረመን ሌላ ነገር ነው። ቅጠሉ ሃያ ተብሎ ተቈጥሯል። ጨው እንኳ «ጥቂት» ተብሎ ሲታለፍ ጤና አዳም በቍጥር ተጻፈ።

ለምን እንደ ተቈጠረ የሚያስረዳን በዚያው በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው ዲዮስቆሪዴስ ነው። እርሱ ስለ መድኃኒት ተክሎች በግሪክኛ የጻፈው መጽሐፍ በአውሮፓም በዐረብ አገርም ከሺህ ዓመት በላይ የሐኪሞች መማሪያ ሆኖ ኖሯል። ዲዮስቆሪዴስ የጓሮውን ጤና አዳም ከተራራው ይለያል፤ የተራራው እጅግ የሚያቃጥልና ለምግብ የማይሆን፥ በብዛት የበላውንም የሚገድል ነው ይላል። በዚህ ላይ ተክሉን የሚሰበስቡ ሰዎች አስቀድመው ፊታቸውንና እጃቸውን በዘይት እንዲቀቡ ያዝዛል፤ አለዚያ ቆዳን ያቀላል፥ ያሳክካል፥ ያሳብጣል።

ይህን ስናነብ አንድ የራሳችን ነገር ታወሰን። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በቅዳሜ ቀን የአትክልቱን ቦታ እንድናርም እንታዘዝ ነበር። አንድ ጊዜ በጠራራ ፀሐይ እጅጌያችንን ሰብስበን የጤና አዳሙን መደብ ስናርም ዋልን። በማግሥቱ ምንም አልነበረም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ክንዳችን ላይ ቅጠሉ በነካበት መስመር ውሃ የቋጠረ ቍስል ወጣ፤ ከዳነም በኋላ ጥቁር ምልክቱ ብዙ ሳምንት ቆየ። አስተማሪያችን ትል ነው አለን፤ ጓደኞቻችን ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ፈለጉልን። ማንም ጤና አዳም ነው ያለ አልነበረም፤ እንዴት ጤና ያቈስላል? ከዲዮስቆሪዴስ የምንማረው እኛን ያገኘን ነገር አዲስ እንዳልነበረ ነው። ዛሬ ምክንያቱ ታውቋል። በተክሉ ውስጥ ሶራለንና በርጋፕተን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ እነዚህ በቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥሉታል። ቅጠሉ ያለ ፀሐይ፥ ፀሐዩም ያለ ቅጠሉ እንዲህ አያደርጉም። ጓደኞቻችን ምች ሲሉ ከፀሐይ ጋር ማያያዛቸው እንግዲህ ከአስተማሪያችን ትል ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነበር።

በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮም የሠራው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኖስ ስለ ሴቶች ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ጤና አዳም ፅንስ ለማስወረድ ከሚደባለቁ ቅጠሎች መካከል ይገኛል። ሶራኖስ እንደነዚህ ያሉትን መድኃኒቶች ሲዘረዝር ጉዳታቸው እንደሚበዛ፥ ሆድን እንደሚያውኩና ራስን እንደሚያከብዱ አያይዞ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ በጥንት ዘመን ሦስቱ ነገሮች፥ ማለት በብዛት ሲበላ የሚገድል መሆኑ፥ ቆዳን ማቃጠሉና ፅንስን መጉዳቱ፥ ሁሉም ተጽፈው ነበር። ከሰማንያ አራቱ መድኃኒት ጋር አብረው ተጽፈው ነበር ማለት ነው።

በወንጌልም ጤና አዳም ይገኛል። ጌታ ፈሪሳውያንን በጥቃቅኑ አትክልት ዐሥራት እያወጡ ፍርድን ስለ መተዋቸው ሲገሥጻቸው፥ በማቴዎስ 23 እንስላል ያለውን በሉቃስ 11 ጤና አዳም ሆኖ እናነበዋለን። የታሪክ ተማሪ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በ200 ገደማ ያሰባሰቡት ሚሽና የሚባለው የሕግ መጽሐፍ ጤና አዳምን ዐሥራት ከማይወጣባቸው ቅጠሎች ይቈጥረዋል። ታዲያ ፈሪሳውያን ያልታዘዙትን ይከፍሉ ነበርን? ወይስ ከዱር የሚለቀመው ነጻ ሆኖ የጓሮው ይከፈልበት ነበር? ለእኛ ሁለተኛው የበለጠ ይመስለናል። በማናቸውም መንገድ ግን በዚያ አገር በየቤቱ የነበረ ተራ ቅጠል መሆኑን እንረዳለን፤ ተግሣጹም የሚነክሰው ቅጠሉ ይህን ያህል ተራ ስለ ነበረ ነው።

የመካከለኛውን ዘመን በአጭሩ እናልፋለን። በ800 ገደማ ከካርሎስ ታላቁ ቤተ መንግሥት የወጣው የርስት ደንብ በንጉሡ አትክልት ቦታዎች እንዲተከሉ ካዘዛቸው ተክሎች አንዱ ጤና አዳም ነው፤ መነኮሳትም በየገዳማቸው ተከሉት። በወረርሽኝ ዘመን የሽታው ብርታት ክፉ አየርን ያርቃል ተብሎ ታመነ። በ1750 በለንደን ከኒውጌት እስር ቤት ወደ ፍርድ ቤት የገባ የተስቦ በሽታ የከተማውን ከንቲባና ዳኞችን በገደለ ጊዜ፥ ከዚያ ወዲህ በችሎቱ ላይ ጤና አዳም መነስነስ ልማድ ሆነ። ዳኞቹ በዚህ ሲጽናኑ፥ ተስቦ በቅማል የሚተላለፍ መሆኑን ሻርል ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ያስረዳው በ1909 ነው። ይህን የምንጽፈው በእነርሱ ለመሳለቅ አይደለም። ሽታ ስለ በረታ መድኃኒት ነው ማለት እኛም ዛሬ የምንለው ነገር ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ተክሉ ወደ ኬሚስቶች እጅ ገባ። በ1842 በኑርንበርግ የነበረ አውጉስት ቫይስ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ከጤና አዳም አንድ ቢጫ ነገር ለየ፤ ከተክሉም ስም «ሩቲን» ተባለ። ሩቲን ኋላ በብዙ ሌሎች ተክሎችም ተገኝቷል፤ ዛሬ ለደም ሥር ብርታት ይረዳል ተብሎ በክኒን መልክ ይሸጣል። የጤና አዳም ጭማቂ በእንስሳት ላይ ሲሞከር ብግነትን እንደሚያበርድና የአንጀትን መኮማተር እንደሚያላላ ታይቷል፤ ይህም ለሆድ ቍርጠት መስጠታችን ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ያስረዳል። በሰው ላይ በሚገባ የተደረገ ሙከራ ግን ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ጭማቂው ለነፍሰ ጡር አይጦች በተሰጠ ጊዜ ፅንሱን እንደ ጎዳ ተጽፏል።

ነገሩ በአይጥ ቢያበቃ መልካም ነበር። በደቡብ አሜሪካ ጤና አዳም ከእስፓንያውያን ጋር ገብቶ በየጓሮው ተለምዷል፤ በዚያም ሴቶች ፅንስ ለማስወረድ አፍልተው ይጠጡታል። በኡሩጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴኦ ያለው የመርዝ ሕክምና ማእከል ከ1986 እስከ 1999 በዚህ ዐይነት ቅጠላ ቅጠል ጠጥተው የተጎዱትን ሴቶች ጉዳይ መርምሮ ውጤቱ በ2003 ታተመ። ከጠጧቸው ቅጠሎች መካከል ጤና አዳም ዋነኛ ነበር፤ ኩላሊትና ጉበታቸው የደከመ፥ የሞቱም ነበሩበት። እነዚያ ሴቶች የጠጡት በጓዳቸው የሚያውቁትን ቅጠል ነው። ያልያዙት ልኩን ነው፤ ወይም ችግር ልኩን አስጣላቸው።

አንባብያን ከዚህ ተነሥተው ጤና አዳምን ከጓሮ ይንቀሉት የምንል እንዳይመስላቸው እንለምናለን። በቡና ስኒ የምትጠልቅ ቀንበጥና በድስት ተፍልቶ የሚጠጣ ጭብጥ ቅጠል አንድ አይደሉም። አንዲቱ ለመዓዛ ናት፤ ሌላው መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ከሆነም መጠን ያስፈልገዋል። ጠቡ ያለው ከስሙ ጋር ነው። ዛሬ ወጣቶች ከእናቶቻችን ስሙን እንወርሳለን፤ «ጤና ነው፥ ምን ይጎዳል» እንላለን፤ ከስሙ ጋር የነበረውን ክልከላ ግን እንደ ከንቱ ነገር እንጥለዋለን። እኛ በዚያ ጧት ያደረግነው ይህንኑ ነው። አንድ ሴት ምክራችንን ሰምታ ሁለት ቀንበጥ ብትጨምር ኖሮ ከሁለቱ ቀንበጥ ምንም ላይደርስባት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከክልከላው ታላቅ ነን ማለትን ከእኛ በተማረች ነበር።

ማርሴል ግሪዮል በ1930 የአንድ ኢትዮጵያዊ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ አሳትሟል፤ ስቴፋን ስትሬልሲንም ከ1968 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ተክሎች የጻፈውን አውጥቷል። እነዚህ ትልቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የተመለከቱት ብራናውን፥ ብራናውንም የጻፉት ደብተሮች ናቸው። የጓዳው ሕግ በብራና አልተጻፈም። ጓዳው የሚናገረው በእጅ ነው፤ እጁ ሲሰበሰብ ያላየ አይሰማውም።

በገና ዕረፍት ተመልሰን ወደ አያታችን ሄድን። የወንድማችን ሚስት በሰላም ወልዳ ነበር። «እማማ፥ ያን ጊዜ ጤና አዳሙን የከለከሏት ለምን ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። «ይከብዳላ!» አሉን። ማን ነገረዎ ብንላቸው እናታቸው እንዳስተማሯቸው፥ እናታቸውም ከአማታቸው እንደ ሰሙ ነገሩን። ከዚያም ሳንጠይቃቸው ጨመሩልን፤ ለስኒ አንድ ቀንበጥ ብቻ፤ ፍሬው ከቅጠሉ ያነሰ፤ ለሕፃን ጫፉን ብቻ ነክሮ ማቅመስ፤ ደግሞም በቀትር አለመቅጠፍ፥ «ፀሐይ ሲመታው ይቈጣል»። በዚህ ጊዜ ክንዳችንን ተመለከትን። ከዲዮስቆሪዴስ ዘይትና ከአያታችን ጧት የትኛው እንደሚሻል ለኬሚስቶች እንተወዋለን፤ እኛ ግን በቀትር ከሚታረም የትምህርት ቤት መደብ ሁለቱም ይሻሉ ነበር እንላለን።

ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ጓደኞቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ከየእናቶቻችሁና ከየአያቶቻችሁ ዘንድ ስለ ጤና አዳም ስትጠይቁ «ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ አታቁሙ፤ ይህን ሁሉም ይመልሳል። «ለማን አይሰጥም? ስንት ቅጠል? መቼ ይቀጠፋል? ከምን ጋር አይደባለቅም?» በሏቸው። ተክሉ በዚያ ሠፈር የሚጠራበትንም ስም በድምፁ ልክ፥ በጠ ወይም በጨ ወይም በጸ መሆኑን ሳትለውጡ ጻፉልን። ኦሮምኛ፥ ጉራግኛ፥ ሲዳምኛና ሐረሪ የሚናገሩ ጓደኞቻችን መልስ በተለይ ያስፈልገናል። መልሱን በአንድ ወረቀት ላይ የወረዳውን ስም ጨምራችሁ በጥቅምት ወር ለዝግጅት ክፍሉ ብታስረክቡ፥ በሚቀጥለው ቍጥር አሰባስበን እናወጣዋለን።